ወደ ዚሩ የተመለሰው ውሃ

ካርዱ ከመዳፍ አይበልጥም። በላስቲክ ስለተለበጠ የመስኮቱ ብርሃን ሲያርፍበት ያብረቀርቃል፤ ሽታውም ገና ከሱቅ የወጣ የላስቲክ ጫማ ሽታ ነው። ሥዕሉ አንድ ኩባያ ነው፣ እስከ አፉ ውሃ የሞላ ቢጫ ኩባያ። ጎንደር ከተማ፣ ሆስፒታል ውስጥ፣ ልጄ ልትሆን የምትችል አንዲት ወጣት የንግግር ሐኪም ካርዱን በታላቅ ወንድሜ ፊት አስቀመጠችና "ይኼ ምንድን ነው ጋሼ? አይቸኩሉ፣ ጊዜ አለን" አለችው። ወንድሜ ካርዱን አየ። ከዚያ ቀና ብሎ እኔን አየኝ። ከአንድ ወር በፊት የደም ግፊት ጥሎት ቀኝ እጁንና አንደበቱን ወስዶበታል፤ እጁ ጭኑ ላይ እንደ ሰው ዕቃ ተቀምጧል። አፉ ተከፈተ፣ ተዘጋ፣ ምንም አልወጣውም። ካርዱን በግራ እጁ ገፋውና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ሐኪሟ "ምንም አይደለም፣ ዛሬ ኩባያውን እንተወው" ብላ የአህያ ሥዕል አወጣች። እኔ ግን ከኩባያው መላቀቅ አቃተኝ። በዚያ ሁሉ የመድኃኒት ሽታ መሀል የእርጥብ ሸክላ ሽታ መጣብኝ። ነገሩ ከሆነ ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ነው። ወንድሜ ለምን ፊቱን እንዳዞረ ከእኔ በቀር የሚያውቅ እዚያ ክፍል ውስጥ አልነበረም።

እናንተ ደጋ ያደጋችሁ ዚርን ላታውቁት ትችላላችሁ። ዚር ከማዶ፣ ከሱዳን በኩል የሚመጣ፣ ግርጌው የሾለ ትልቅ የሸክላ ጋን ነው። ጥላ ሥር በእንጨት እግር ላይ ያቆሙታል። ሸክላው ቀኑን ሙሉ ያልበዋል፤ ባላበው ቁጥር ውስጡ ያለው ውሃ ይቀዘቅዛል። መጋቢትና ሚያዝያን መተማ ዮሐንስ ያሳለፈ ሰው የዚር ውሃ ምን እንደሆነ ይገባዋል። እዚያ ወር ጥላውም ያቃጥላል፤ ቆርቆሮው ከራሱ ጋር የሚያወራ ይመስል ቀጭ ቀጭ ይላል፤ ዶሮዎች አፋቸውን ከፍተው ይተኛሉ። የእኛ ዚር የቆመው በረንዳችን ጥግ፣ ከአባቴ አልጋ ራስጌ ነበር። ቢጫው የፕላስቲክ ኩባያ አፉ ላይ ተደፍቶ ይቀመጥ ነበር።

አባቴ በአንደበቱ የሚያድር ሰው ነበር። በወጣትነቱ ሱዳን፣ ገዳሪፍ፣ የሰው እርሻ ላይ ሲሠራ ዐረብኛ ለምዶ መጥቶ፣ እኔ ነፍስ ሳውቅ የሰሊጥ ተራ አስተርጓሚ ሆኖ አገኘሁት። ደላላ ሲሉት ይቆጣ ነበር። "ደላላ ለበሬ ነው፤ እኔ የሰው ቃል አሻጋሪ ነኝ" ይላል። በእርግጥም ሲያሻግር ቃሉን አጥቦና አጣጥፎ ነበር። ገበሬው በንዴት "ይኼን ሌባ አንሣልኝ!" ሲል፣ አባቴ ጀላቢያ ለለበሰው ሱዳናዊ ገዢ ዞሮ በዐረብኛ "ወንድምህ እንዴት ከረምክ ይልሃል" ይለዋል። ገዢው ደረቱን ይዞ እጅ ሲነሳ ገበሬው ያፍራል። በዚህ ዓይነት ስንት ዱላ እንደቀረ የሚያውቅ ፈጣሪ ብቻ ነው። እናቴ "የአባትሽ ምላስ ቅቤ ነው፤ ያዩት እንደሆነ ግን አጥንት የለውም" እያለች ትተርበው ነበር። እሱም በተተረበ ቁጥር ደስ ይለዋል።

ያ ቀን ኅዳር ውስጥ ነበር። አዲሱ ሰሊጥ ከየእርሻው እየገባ ከተማው በሙሉ ሰሊጥ ሰሊጥ ይሸት ነበር፤ አቧራው እንኳ ከንፈር ላይ ሲያርፍ የሚጣፍጥ ይመስለኝ ነበር። አሥራ ሦስት ዓመቴ ነው። የአባቴን ምሳ በሣህን ቋጥሬ ወሰድኩለት። ሰሊጥ ተራ፣ ዳሱ ሥር፣ በጆንያ ክምር መሀል ተቀምጦ፣ በቀኝ እጁ የሻይ ብርጭቆ ይዞ፣ በአንድ ገበሬና በአንድ ሱዳናዊ መካከል ሲያሻግር አገኘሁት። ሱዳናዊው ተናገረ። አባቴ ወደ ገበሬው ዞሮ ተናገረ፣ ግን በዐረብኛ።

ገበሬው ሳቀ። "ኧረ ለእኔስ በአማርኛ ያርጉልኝ! ዐረብ መስዬዎት ነው?" አለ።

አባቴም ፈገግ ብሎ እንደገና ሞከረ። እንደገና ዐረብኛ ወጣ። ዳሱ ሥር ያለው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ፤ ተጫዋች ሰው ስለነበረ ጨዋታ መሰላቸው። እኔም ሳቅሁ። ሣህኑን ታቅፌ፣ አባቴን እያየሁ፣ ከልቤ ሳቅሁ። መጀመሪያ ሳቁን ያቆመው ሱዳናዊው ነበር። የአባቴ ብርጭቆ ከእጁ ወድቆ ተሰበረ፤ አፉ ወደ አንድ ወገን ተሰበሰበ፤ እሱ ግን አሁንም ለገበሬው በትዕግሥት፣ ቃል እየመረጠ፣ ገበሬው በማያውቀው ቋንቋ ያስረዳው ነበር።

ገንዳ ውሃ ከተማ፣ ጤና ጣቢያ ወስደን አሳከምነው። ነርሱ ለክቶ "ግፊት ነው፤ ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈሶ ወይ ረግቶ ነው" አለና ክኒን ሰጠን። እናቴ "አፉስ?" አለችው። "አፉ ጊዜ ይፈልጋል" አለ። ያን ጊዜ ስለ አፍ የሚባለው እዚህ ላይ ያልቅ ነበር። አንደበቱ የተያዘን ሰው ቁጭ አድርጎ፣ ቃል በቃል እየመራ የሚመልስ ሐኪም በምድር ላይ መኖሩን የሰማ ሰው በመካከላችን አልነበረም። ዲዳ ዲዳ ነው፣ ኮልታፋ ኮልታፋ ነው፤ የተረፈው የጸበልና የዕድሜ ጉዳይ ነው። ጸበልም ወሰድነው። ሰባት ቀን ተጠመቀ። የንስሐ አባታችን መስቀላቸውን ግንባሩ ላይ አድርገው ብዙ ጸለዩ፤ በሰባተኛው ቀን ለእናቴ "ጸበሉንም ክኒኑንም አታቋርጡበት፤ ሁለቱም ከአንድ እጅ ናቸው" ብለው አሰናበቱን። እናቴ ደጋ የተወለደች፣ ነገር በልቧ የምትይዝ ሴት ናት። በመንገድ ላይ ያለችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ "አፍ ሲከዳ ከሎሌ ይብሳል።"

አማርኛው አልተመለሰም። ዐረብኛው ግን ነበር። ሙሉ አልነበረም፤ አጭር አጭር፣ የተቆራረጠ። "አዲኒ ሞይያ" ይላል፣ ውሃ ስጪኝ ማለቱ ነው። "ያ ቢቲ" ይለኛል፣ ልጄ ማለቱ ነው። እናቴ በአማርኛ ስትጠይቀው በዐረብኛ ይመልሳል፤ መመለሱን ያውቃል፣ በምን ቋንቋ እንደመለሰ ግን ፊቷን አይቶ ነው የሚያውቀው። ያኔ ደንግጦ ዝም ይላል። ጎረቤቶች ይመጣሉ፣ ይሰማሉ፣ በደጅ ተንሾካሹከው ይሄዳሉ። "ማዶ ሲመላለስ የተጠናወተው ነው። ክርስቲያን ሰው፣ ልጅ ሁኖ የጠባበትን ቋንቋ ጥሎ የባዕድ ቋንቋ የሚናገር በጤናው ነው?" አንዲቱ ደግሞ እኔን በዓይኗ እየለካች "ዛር በዘር ነው የሚሄድ፤ ወደ ሴት ልጅ ያዘነብላል" አለች። ይህችን ቃል ያዙልኝ፤ ብዙ ነገር ያበላሸችው እሷ ናት።

ከቤታችን ፊት ለፊት ስኳር፣ ሳሙናና ባትሪ ድንጋይ የሚሸጥ ባለሱቅ ነበር። ሰው ሁሉ ሐጂ ይለዋል። የአባቴ የልብ ወዳጅ ነው። ከትምህርት ቤት ስመለስ እሱ ሱቅ ደጃፍ ተቀምጬ የቤት ሥራዬን እሠራ ነበር፤ ከማዶ የሚመጡት ደንበኞች ሲያወሩ ዐረብኛው ሳላውቀው ጆሮዬ ገባ። ቤታችን ውስጥ ይህን የሚያውቅ አልነበረም። ሐጂ ግን ያውቅ ነበር፤ ለደንበኛ ያለውን ሰምቼ ስስቅ ስለሚይዘኝ "አንቺ ጆሮሽ ሌባ ነው" ይለኝ ነበር።

አባቴ ከታመመ በኋላ ሐጂ የከሰዓቱን ሶላት ጨርሶ በየቀኑ ይመጣ ጀመር። በርጩማ ስቦ አልጋው አጠገብ ይቀመጥና በዐረብኛ "እንዴት ዋልክ?" ይለዋል። አባቴም "አና ጋዒድ" ይለዋል፣ አለሁ ማለቱ ነው። ከዚያ ያወራሉ። ሐጂ ቀስ ብሎ ይጠይቃል፣ ይጠብቃል፣ አይቀድመውም። አባቴ ቃል ሲጠፋው ሐጂ ጢሙን እያሻሸ ወደ መንገዱ ያያል። መጀመሪያ ሁለት ቃል ነበር፣ ከዚያ አራት ሆነ፣ የገና በዓል ሲደርስ ዐረፍተ ነገር ሆነ። ሐጂ ወደ እናቴ ዞሮ "ሰሊጡ ታጭዶ አለቀ ወይ ይላል። ትልቁ ልጄ የትራክተሩን ጎማ አስቀየረ ወይ ይላል። እህቴ፣ ሰውየው ሁሉን ያውቃል፤ የጠፋው መንገዱ ነው" አላት። እናቴ አለቀሰች። አንድ ቀን ደግሞ፣ ሐጂ ስለ አንድ አህያ ተረት ሲነግረው አባቴ ስቆ ስቆ ሲያበቃ "እሰይ!" አለ። በአማርኛ። ሦስታችንም ተያየን። አባቴ ራሱ ቃሉ ከየት እንደመጣች የሚፈልግ ይመስል አልጋውን ዳበሰ። የዚያን ዕለት እናቴ ራት ስታቀርብ ታዜም ነበር።

ሰሞኑን ለሐኪሟ "ሁለት ቋንቋ የሚናገር ሰው ግፊት ሲመታው ምን ይሆናል?" አልኳት፣ የሆነ ሰው ያጋጠመው አስመስዬ። ብዕሯን አስቀምጣ አስረዳችኝ። አንዳንዱ ላይ አንዱ ቋንቋ ቀድሞ ይመለሳል አለች፤ የእናት ቋንቋ ቀርቶ የኋለኛው የሚቀድምበት ጊዜ አለ፤ ያኔ የተመለሰውን ይዘው ነው የሚነሱት፣ አንዱ ሌላውን ሊስበው ይችላልና። "ዋናው የቀረውን አለመዝጋት ነው" አለችኝ። አመስግኛት ወጣሁ።

ወንድሜ ከእርሻ የመጣው በዚያው ዓመት ጥር መጨረሻ ላይ ነው። ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነበር፤ ትራክተር ነጂ ነው፤ አዝመራው እስኪገባ እርሻ ላይ ነው የሚከርመው። ወንድምዓለም ነበር የምለው። አባቴን እንደ እሱ የሚወድ ሰው አላየሁም፣ ይህን እወቁልኝ። በሩ ላይ ደርሶ ሲቆም እጁ ግራሶ በግራሶ ነበር። አባታችንና ሐጂ በዐረብኛ እየተቀባበሉ ይሳሳቁ ነበር። እርሻው ላይ ያለው ሠራተኛ ሁሉ ወሬውን ቀድሞ ነግሮታል፣ "አባትህን የማዶ መንፈስ ይዞታል" ብለው። ፊቱ ጠቆረ።

"ግፊት ነው ብለውናል" አለች እናቴ።

"ግፊት ዐረብኛ ያስተምራል እንዴ እማ?"

ዛሬ ብሆን መልስ ነበረኝ፤ ያን ጊዜ ግን ጥያቄው እኔንም አሸነፈኝ። ወንድሜ ወደ ሐጂ ዞሮ፣ ዓይኑን ከመሬት ሳያነሣ፣ "ሐጂ፣ እርስዎን ጠልቼ እንዳይመስልዎ። በእርስዎ እጅ ነው ያደግሁት። ግን ከእንግዲህ እዚህ ቤት ዐረብኛ አይነገርም። በተነገረ ቁጥር ያደረበት ነገር ይደላደላል" አለው።

ሐጂ ተነሣ። "ልጄ፣ አባትህ ነው የሚናገረው" አለ። ሐጂ በርጩማውን ወደ ነበረችበት መልሶ ወጣ። አባቴ "ተዓል! ተዓል!" እያለ፣ ና እያለ፣ በደህና እጁ ጠራው። ሐጂ መንገዱ መሀል ቆም አለ፤ ከዚያ ወደ ሱቁ ገባ።

ወንድሜ ሲያስረዳን በሚያውቀው ነገር አስረዳን። "ሞተር ናፍጣ ከዘጋህበት የት ይሄዳል? ትንሽ ያንፈራግጠውና ቀጥ ይላል። ይኼም እንዲያው ነው። በዐረብኛ ሲለምን የሚለምነው አባባ አይደሉም፤ ያ ነገር ነው። እሱን አትስሙት፣ አትመልሱለት፣ የጠየቀውን አትስጡት። በአማርኛ ሲጠይቁ ያኔ አባባ ናቸው፤ ነፍሳችንንም እንሰጣቸዋለን።" እናቴ "ውሃም?" አለች። "ውሃም እማ። ሌላ ምን ይጠይቃል?" አላት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። እናቴ ቀን ቀን ገበያ ስለምትውል ከአባቴ ጋር የምቀረው እኔ ነበርኩ፤ ያን ሰሞን ከትምህርት ቤት አስቀርተውኛል።

"አንቺ የሚለው ይገባሻል?" አለኝ።

ያቺ ሴት በዓይኗ ስትለካኝ ታየኝ። ዛር ወደ ሴት ልጅ ያዘነብላል።

"አይገባኝም" አልኩ።

"ጥሩ። እንግዲያ አትቸገሪም። ኩባያው በእጅሽ ነው።"

በሕይወቴ ብዙ ዋሽቻለሁ፤ ሰው ነኝ። ያቺ ግን ሌላ ናት። "ይገባኛል፣ አባባ ናቸው፣ ስለ ጎማህ ነው የሚጠይቁህ" ብል ኖሮ ወንድሜ ሊያምነኝ ይችል ነበር። ይወደኝ ነበር። እኔ ግን ለራሴ ፈራሁ።

የካቲት እንዲህ አለፈ። ጠዋትና ማታ እናቴ ሳትጠየቅ ታጠጣዋለች፤ ቀኑ ግን የእኔ ነበር። መጋቢት ገባ። አንድ ቀን፣ ቆርቆሮው ቀጭ ቀጭ በሚልበት ሰዓት፣ አባቴ ዓይኑን ከፍቶ ዚሩን አየ። ከዚሩ ግርጌ ጠብ ጠብ የሚለው ውሃ አሸዋው ላይ ትንሽ ጥቁር ክብ ሠርቷል፤ ሁለት ንቦች ከዳር ዳር ይጠጣሉ።

"ያ ቢቲ" አለኝ። "አዲኒ ሞይያ።"

ኩባያውን ሞልቼ ቀዳሁ። የሸክላው ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። ኩባያውን ይዤ ከፊቱ ቆምኩና እንደታዘዝኩት፣ ጨዋ ልጅ ነኝና በአንቱታ፣ "አባባ፣ ውሃ ይበሉ" አልኩት።

ከንፈሩ ደርቆ ተሰንጥቋል። አፉን አሾለ። "ው…" አለ። አንገቱ ላይ ያለው ሥር ተገተረ። "ው… ው…" ከዚያ ደከመውና ዓይኑን ጨፈነ፤ ሲከፍተው እንባ ሞልቶታል። "ሞይያ" አለ፣ በሹክሹክታ፣ እንደሚያፍር ሰው።

"ውሃ ይበሉ አባባ። ውሃ።"

እንደገና ሞከረ። ኩባያው በእጄ ላይ ቀዝቅዞኛል፤ ውጪው አልቦታል። ለምን እንዳልሰጠሁት ስንት ጊዜ ራሴን ጠየቅሁ መሰላችሁ። ቤቱ ውስጥ ማንም አልነበረም። ብሰጠው የሚያውቅ አልነበረም። ግን የምሰጠው ገብቶኝ እንደሆነ ነው፤ ገብቶኝ ከሆነ ደግሞ ያለብኝ ነገር አለ ማለት ነው። በአሥራ ሦስት ዓመት ጭንቅላቴ እንዲህ ነበር የተሳሰረው።

አባቴ አየኝ። ረጅም ጊዜ አየኝ። ያ ሰው የሌላውን ሰው ልብ እያነበበ የኖረ ነው፤ ገበሬው ሳይናገር የሚፈልገውን ያውቅ ነበር። እንደሚገባኝ አወቀ። በዓይኔ ነው ያወቀው። "አና ጋዒድ" አለኝ። "አና ጋዒድ፣ ያ ቢቲ።" አለሁ፣ እኔ ነኝ፣ እዚሁ አለሁ ልጄ።

ኩባያውን ወደ ዚሩ መለስኩት። ውሃው ተመልሶ ሲወርድ ያሰማው ድምፅ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ፤ የዚር ሆድ ባዶ ሲሆን ድምፁ ረጅም ነው።

ከዚያ ቀን ወዲያ አባቴ አልጠየቀኝም። በአማርኛም በዐረብኛም፣ እኔንም ሌላውንም። ሲሰጡት ይጠጣል፣ ሲያዞሩት ይዞራል። ወንድሜ ሳምንት ጠበቀ፣ ሁለት ሳምንት ጠበቀ፤ አንድም የዐረብኛ ቃል አልሰማም። "እማ፣ ለቀቀው! ሞተሩ ጠፋ!" ብሎ ሲጮህ እናቴ እልል አለች። ጎረቤት ተሰብስቦ እግዜር ይመስገን አለ። አባቴ በመካከላቸው ተቀምጦ ዚሩን ያይ ነበር። እንግዲህ አማርኛው እስኪመጣ ነው የሚጠበቀው ተባለ። ተጠበቀ። ግንቦት መጨረሻ ላይ፣ የመጀመሪያው ዝናብ አቧራውን ባረጠበ ሳምንት፣ ግፊቱ እንደገና መታውና በቀትር ሞተ። አማርኛው አልመጣም።

ለቅሶው ላይ ሐጂ ከድንኳኑ ዳር ቆሞ አየሁት። ሕዝቡ ሳሳ ሲል ጠጋ አለኝ። የሚቆጣኝ መስሎኝ አንገቴን ደፋሁ። አልተቆጣም። "ልጄ፣ አንቺስ ይገባሽ ነበር" አለኝ፤ እጁን ራሴ ላይ አሳርፎ ሄደ። ለማንም አልተናገረብኝም። ከጥቂት ዓመት በኋላ እሱም ሞተ።

ወንድሜ ያደረገውን ያወቀው ብዙ ቆይቶ ነው። ከተማችን ውስጥ ሌላ አስተርጓሚ እንደ አባቴ ታሞ፣ ጎንደር ደርሶ ሲመለስ፣ ሐኪም 'ዐረብኛው መንፈስ አይደለም፣ ሕመሙ ነው' ብሎ የነገረውን ልጆቹ አወሩ፤ ወንድሜ በዚያ ወሬ መሀል ተነሥቶ ወጣ። ስለዚያ ነገር ከእኔ ጋር አንድም ቀን አልተነጋገርንም። ግን በዚያው ሳምንት ከደጁ፣ ከመንገዱ ዳር፣ ጥላ ሠርቶ ዚር አቆመ፤ አላፊ አግዳሚው ይጠጣበታል። ሸክላው በተሰበረ ቁጥር ሌላ ይገዛል። ዛሬ ከማዶ የሚመጣው የሰሊጥ ገዢ አይደለም፣ ጦርነት የሸሸ ቤተሰብ ነው፤ ሕፃን ያዘሉ ሴቶች ከወንድሜ ዚር ጠጥተው በዐረብኛ ይመርቁታል። ወንድሜ ዐረብኛ ተምሮ አያውቅም። ምርቃቱን ሲሰማ ወደ ቤት ይገባል።

እሱ ሲወድቅ መንገዱ ተዘግቶ ስለነበረ ጎንደር ያደረስነው በስድስተኛው ቀን ነው። አሁን የንግግር ሐኪም አለ፤ ልጅቷ ሙያውን የተማረችው እዚሁ አገር ነው። ሥራዋን ሳይ ውዬ አልጠግብም። ትንሽ መስተዋት ታስይዘዋለች። አባታችን ሆይን አብራው ትጀምርለትና ወንድሜ ውሃ ማለት ያቃተው ሰው ጸሎቱን እስከ ግማሽ ይወርደዋል። አስታማሚዎችን ሰብስባ ስትመክረን "ውሃ ሲፈልጉ ስጧቸው። 'መጀመሪያ ስሙን ጥራ' አትበሉ። ድሮ ቃል ማስደገም ነበር ሥራው፤ እኛም ስንማር እንደዚያ ይመስለን ነበር። አሁን ከቀረላቸው ነው የምንነሳው" አለችን። አጠገቤ ያለችው ሴት በማስታወሻ ትጽፍ ነበር። እኔ ወለሉን አየሁ።

ወንድሜ ግን አይጠጣም። ነርሷ ጉሮሮው መስሏት መረመረችው፤ ጉሮሮው ደህና ነው። ከእሷ እጅ ጥቂት ይጎነጫል፣ ከእኔ እጅ ግን ፊቱን ያዞራል። ከንፈሩ ደርቆ ተሰንጥቋል። ያን ከንፈር አውቀዋለሁ።

ካርዱን በገፋበት ዕለት ከሰዓት፣ ሐኪሟ ከሄደች በኋላ፣ ኩባያ ሞልቼ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። ፊቱን አዞረ። ይኼን ምስጢር ለማን ነው የማቆየው አልኩ በልቤ።

"ወንድምዓለም" አልኩት፤ "ያኔ 'የሚለው ይገባሻል?' ብለህ ጠይቀኸኝ ነበር። አይገባኝም አልኩህ። ዋሽቼህ ነው። ቃል በቃል ይገባኝ ነበር። አንተ መንፈስ መስሎህ ነው ውሃ ያስከለከልካቸው። እኔ አባባ መሆናቸውን እያወቅሁ ነው የከለከልኳቸው።"

ጀርባው ሲንቀሳቀስ አየሁ። ቀስ ብሎ ዞረ። ፊቱ ላይ ያለውን ማንበብ አልቻልኩም፤ ግማሹ ፊቱ አይታዘዘውም። አፉ ተከፈተ፣ ተዘጋ። ሊሰድበኝ ይሆናል፣ ሊያለቅስ ይሆናል። ምን ሊል እንደነበረ መቼም አላውቅም። እኔ ግን እያለቀስኩ ነበር፤ እንደዚያ ሳለቅስ የአባቴ ለቅሶ ላይ እንኳ አላስታውስም።

ግራ እጁ አልጋው ላይ እየዳበሰ መጣ። ኩባያውን ከእጄ ወሰደው። ጥቂት ውሃ አንሶላው ላይ ፈሰሰ። ወደ ራሱ አፍ አላስጠጋውም፤ ወደ እኔ ዘረጋው፣ እስከ ከንፈሬ ድረስ፣ ጠጪ ማለቱ ነበር።

ጠጣሁ። ከዚያ ኩባያውን ተቀብዬ ወደ እሱ አፍ ወሰድኩት፤ ፊቱን አላዞረም። በተጣመመው ከንፈሩ ጠርዝ የፈሰሰውን በነጠላዬ ጫፍ ጠረግሁለት። ምንም በል አላልኩትም።